ሰደፉን አትላጉት

እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ ውጅግራ፣ ያ አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ደጅ ድረስ ይመጣል። የሚያመጣው ለጎረቤቱ ጫማና መጽሐፍ የሚያድለው ያው ሹፌር ነው፤ ያስፈርምና ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ ከጥንታዊ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ በፌዴራሉ ሕግ ባለፈቃድ ነጋዴ መካከል ሳይገባ ይሸጣል፣ ይለወጣል። አድዋ በእነሱ አቆጣጠር 1896 ነው። እንግዲህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእነዚያ ተራሮች ሥር የጮኸ ጠመንጃ ሁሉ በዚህ አገር ሕግ ጥንታዊ ዕቃ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል። ይህን ባወቅሁበት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአገራችን መጋዘኖች ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ተሽጠው ወደ አሜሪካ ገብተዋል። ውጅግራው፣ በልጅጉ፣ የጣልያኑ ካርካኖ፣ ቬተርሊው፣ ሬሚንግተኑ፣ ሁሉም በየሣጥኑ ተጭኖ መጣ። ስለዚህ ሽያጭ ከወገኖቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ቅርስ ተሸጠ ብሎ የሚያዝን አለ፤ በምስጥና በዝገት ከሚያልቅ ይሸጥ የሚልም አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጠመንጃዎቹ ከነታሪካቸው አለመምጣታቸው ነው። የትኛው ከየትኛው አውራጃ ተሰበሰበ? ማን አስረከበው? ያን የሚናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አብሯቸው አልመጣችም። ገዢው የሚያገኘው በብረቱ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ምልክትና በእንጨቱ ላይ የቀረውን የባለቤቱን እጅ ብቻ ነው። የፋብሪካውን ምልክት ፈረንሳዩም ጣልያኑም በመጽሐፍ አስፍሮታል። የባለቤቱን እጅ ያሰፈረው የለም፤ ሰደፉ ራሱ ነው መዝገቡ።

ውጅግራ እንዴት ወደ እኛ እንደ መጣ ማወቅ ለእኔ ደስታ ነው። ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ አስታጠቀች፤ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁር ባሩዱ ወፍራም ጢስ የሚተፋ። ከ12 ዓመት በኋላ ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ወጣ። ያኔ በየግምጃ ቤቱ የነበረው ውጅግራ ባንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ፤ ነጋዴዎችም በኦቦክና በጂቡቲ በኩል ወደ ሸዋ አጎረፉት። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ድረስ ጠመንጃ ጭኖ ወጥቷል፤ እሱ ያመጣው ግን ከውጅግራም የባሰ ያረጀ ነበር፣ ምኒልክም ዋጋውን ቆርጠው ነው የከፈሉት። ጣልያን ራሷ በውጫሌው ውል ሰሞን ለምኒልክ ጠመንጃና ጥይት ሰጥታለች። አውሮፓ አርጅቷል ብላ የጣለችውን አባቶቻችን ተቀብለው ቅኝ ገዢ መለሱበት። የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ መገበያያ እስከ መሆን የደረሰውም በዚያ ዘመን ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ቬተርሊ ነበር። ሻጩ «ከአድዋ የተማረከ» ብሎ ነው ያስነገረው። የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ወታደሮች አድዋ ላይ የያዙት በእርግጥ ቬተርሊ ነው፤ አዲሱን ካርካኖ ትተው በየመጋዘኑ የተረፈውን የ10.4 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጨርሱ ተደርገው ነበር። እየጓጓሁ ሣጥኑን ከፈትሁ፤ የልጄን እርሳስ አንሥቼ አፈሙዙ ውስጥ ልክተት ብል አልገባም አለኝ። አፈሙዙ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጣልያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሮጌውን ቬተርሊ በርሜሉ ውስጥ ቀጭን ቱቦ እየከተቱ ለካርካኖ ጥይት እንዲሆን አድርገው ለውጠውታል። እንዲህ የተለወጠ ጠመንጃ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በጣልያኖች እጅ ነበር ማለት ነው፤ አድዋ ላይ የተማረከ ሊሆን አይችልም። ይህንኑ አስረድቼ ለሻጩ ጻፍሁለት። «የመጣው ከኢትዮጵያ ነው፤ አድዋም ያለው ኢትዮጵያ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ገንዘቡንም አልመለሰም። ጠመንጃውን አልጠላሁትም። ወደ አገራችን የገባበት ሌላ መንገድ አለው፣ እሱም መጻፍ ይገባዋል። የአድዋን ስም ግን በማይገባው ብረት ላይ መለጠፍ ለሞቱት ሰዎች ድፍረት ነው፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ቀጥሎ ውጅግራው መጣ። የመጠቅለያውን ካርቶን ስገልጥ ቤቱን የጢስና የቆየ ቅባት ሽታ ሞላው፤ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ «የአያቴ ጎጆ ሸተተኝ» አለች። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰብሮ ኖሮ በጠፍር ተጠፍሯል፤ ጠፍሩ ደርቆ ብረት ሆኗል። ከጠፍሩ በላይ በመዳብ ሽቦ የተሞላ ትንሽ መስቀል አለ። በግራ ጎኑ በኩል፣ ጉንጭ በሚያርፍበት፣ በጩቤ ጫፍ የተቀረጸ ፊደል ይታያል። ቆሻሻው ስለ ሞላው ያየሁት «ወልደ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ፊደል ግማሹ ይታያል፤ «ሥ» ይሁን «ጊ» አይለይም። በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መቀርቀሪያውን ለመሳብ ስሞክር አልከፈት አለ። በመቀርቀሪያው ፊት ባለች ቀጭን ክፍተት በባትሪ ብርሃን አጮልቄ ባይ የጥይት መቀመጫው የናስ ቀለም ያበራል። ጠመንጃው ጎርሶ ነው የመጣው። ከስንት ዘመን በፊት አንድ ሰው አጉርሶት፣ ሳይተኩሰው፣ ሳያራግፈው፣ መጋዘን ገብቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እኔ ሳሎን ደርሷል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ልጆቹን ሰብስባ «እሱ ከቤት ካልወጣ እኛ አንገባም» ብላ ወደ እኅቷ ዘንድ ሄደች። ፍርዷ ትክክል ነበር።

በዚሁ በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ፣ አባታቸው በአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራ ጊዜ ዐርበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ፊደሉን የሚያነብልኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው ብዬ ደወልሁላቸው።

«ጋሼ፣ ስም የተቀረጸበት ውጅግራ አግኝቻለሁ። ይዤው ልምጣና ያንብቡልኝ?»

«በከሰልና በስስ ወረቀት እናወጣዋለን፣ ልጄ። ግን ተራግፏል?»

«ጥይቱ ተጣብቆ እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው ጎርሶ ደጄን አይረግጥም። አራግፈህ አምጣልኝ። የአባቴም ሕግ ይኸው ነበር።»

እንዲህ ሆነና ውጅግራው ሽማግሌው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነበት። ብዙዎቹ ገና ስልክ ላይ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወርክሾፕ ተቀበለኝ። ባለቤቱ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይህን አልክድም። ቦታውን ለቀናት በዘይት አርሶ፣ ባሩዱን አጥቦ አክሽፎ፣ ጥይቱን በዝግታ አወጣው። ጥይቱ የፋብሪካ አልነበረም። ቀለሁ አሮጌ የፈረንሳይ ነው፤ ዓረሩ ግን በእጅ የቀለጠ እርሳስ ሆኖ እንዳይወልቅ በስስ ጨርቅ ተጠቅልሏል። አንድ ሰው የተተኮሰ ቀለህ ከመሬት ለቅሞ፣ እንደ ገና ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳስ አቅልጦ፣ ከልብሱ ጨርቅ ቀዶ የሠራው ነው። በመዳፌ ይዤው ከባንኮኒው ፊት ብዙ ቆምሁ።

ከዚያ ጠመንጃውን አመጣልኝ። አላወቅሁትም። ሰደፉ ያብለጨልጫል። ጠፍሩ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ስብራቱ በሙጫ ተጣብቋል፤ እንጨቱ በሸካራ ወረቀት እስከ ነጩ ድረስ ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ከመስቀሉ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ስሙ የለም።

«ለሰደፉ አላስከፍልህም፣ ስጦታዬ ነው» አለኝ ደስ ብሎት። «ልጆች ቦጫጭረውት ነበር፤ አጸዳሁልህ።»

ምን ይባላል? የጠየቅሁት ጥይቱን እንዲያወጣ ብቻ ነበር፤ በጽሑፍም ሰጥቼዋለሁ። ሰውየው ክፉ አላሰበም። የእኛ ፊደል በዓይኑ ጭረት ነው። የአንድ ሰው ስም፣ ምናልባትም በምድር ላይ የቀረለት ብቸኛ ጽሑፍ፣ ወርክሾፑ ወለል ላይ ዱቄት ሆኖ ተጠርጓል። ጠፍሩን እንኳ ላግኝ ብዬ የቆሻሻ በርሜሉን አስከፍቼ ፈተሽሁ፤ ጠፍሩን አገኘሁት፣ አሁንም አለኝ።

ሽማግሌው ዘንድ ይዤው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከዚያም አውልቀው፣ ሰደፉን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ፎቶውን አሳየኋቸው። «ወልደ ሥላሴም ይሆናል፤ ወልደ ጊዮርጊስም ይሆናል» አሉ። ዝም ብለው ቆዩና ስለ አባታቸው ውጅግራ ነገሩኝ። አንድ ተኩሰህ በቦታህ ከቆየህ ጢሱ ያጋልጥሃልና ወዲያው ወደ ሌላ ድንጋይ ትዛወራለህ፤ ቀለህህንም ትተህ አትሄድም፣ ሌላ ጊዜ የምትሞላው እሱን ነውና። ጥይቱን ሳሳያቸው በጨርቁ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» አሉ። ጠመንጃው ከማን እጅ እንደ ወጣ አልታወቀም፤ የሰውየው ሙያ ግን በዚያች ዓረር ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ከመግዛት ይልቅ ሰደፍ ማንበብ ነው ሥራዬ። በየጠመንጃ ገበያው እየዞርሁ ከአገራችን የመጣ ሳገኝ አስፈቅጄ ፎቶ አነሣለሁ። አንድ ጊዜ በፔንሲልቬንያ የዐረብኛ ምልክት ያለበት ሬሚንግተን አየሁ። ሻጩ «የግብፅ ነው» ከማለት በቀር ስለ ጠመንጃው የሚያውቀው አልነበረም። እኔም ነገርሁት፤ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ኢሊየን ከተማ ላይ የነበረው ፋብሪካ ለግብፅ ይሠራ እንደ ነበር፤ ግብፆች ይዘውት በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ አጼ ዮሐንስን ሊወጉ እንደ መጡና ድል ሆነው ብዙ ሬሚንግተን እንደ ተማረከባቸው፤ ጉራዕ ላይ የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቦቹ የተዋጋው ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ እንደ ነበር። ይህ ጠመንጃ በእርግጥ በአገራችን በኩል አልፎ ከሆነ ከአሜሪካ ወጥቶ፣ በአባይ ሸለቆ ዞሮ፣ ኢትዮጵያ ተማርኮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ አገሩ ተመልሷል ማለት ነው አልሁት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሰማኝ፤ ከጨረስሁ በኋላ የዋጋውን ወረቀት አንሥቶ በሌላ ቁጥር ቀየረው። መግዛት አልቻልሁም። ነገ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝም እነግረዋለሁ፤ ያ ታሪክ በእኔ ኪስ ልክ የሚደበቅ አይደለም።

እናንተም እለምናችኋለሁ። አገር ቤት ያላችሁ፣ የአያት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ካለ ወይም ለማስረከብ የምትወስዱት ከሆነ አስቀድማችሁ ሰደፉን በቀን ብርሃን በሁሉም ጎን ፎቶ አንሡት፤ የብረቱን ቁጥር፣ የያዡን ስም፣ የዘመተበትን አገር ጻፉና ለልጆቻችሁ አስቀምጡ። በውጭ ያላችሁ ሰብሳቢዎች፣ ከአገራችን የወጣ ጠመንጃ እጃችሁ ሲገባ ብረቱን በዘይት ጥረጉ፣ እንጨቱን ግን ተዉት። ጠፍሩን አትቁረጡ፤ ሰደፉን አትላጉት። ለጠመንጃ ሠሪ ስትሰጡም ከፊደሉ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ «እዚህ አትንካ» ብላችሁ ስጡ። ቅድመ አያቱ ወልደ ሥላሴ ወይም ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል፣ የተሰበረ ሰደፍ በጠፍር ያሰረ ባለ ውጅግራ እንደ ነበር በቤተሰቡ የሚነገርለት አንባቢ ካለ፣ ጠመንጃው፣ ጠፍሩና ጥይቱ እኔ ዘንድ አሉ፤ መጥቶ ይያቸው።