የኮሶበር ቴክኒክ ኮሚቴ

ኢትዮጵያ አሰልጣኝ ቸግሯት አያውቅም። አሰልጣኝማ ሞልቶ ተርፏታል፤ የጎደላት ሁሉንም የሚያስቀምጥ ወንበር ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ቅዳሜ ማታ እንጅባራ ይምጣና፣ ነባሩ ሰው ዛሬም ኮሶበር በሚላት በዚችው ብርዳም ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብለው ካሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። አግዳሚው ላይ ተጨናንቀው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው የተቀመጡት ሰዎች መጀመሪያ ተራ ተመልካች ይመስሉታል። የብሔራዊ ቡድኑ ቴክኒክ ኮሚቴ መሆናቸው የሚገባው እረፍት ሲደርስ ነው። ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም መግቢያ ከፍለው ነው አገር የሚያገለግሉት።

የኮሚቴው የሥራ ፍሬ ደግሞ የሚካድ አይደለም። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ዋልያዎቹን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ፤ በዓመቱ ተሰናበቱ። ፖርቹጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፣ ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ መጡ፣ ሄዱ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ ደግሞ ተመልሰው ገብረመድኅን ኃይሌ፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ። እኛ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ አለን። ፌዴሬሽኑ አሰናበተ ይባል እንጂ ደብዳቤውን ያረቀቅነው እኛ ነን፤ እሱ ማኅተም ከመምታት በቀር ምንም አልሠራም። በአገራችን ከሥራው ተነስቶ የማያውቅ የስፖርት ባለሙያ ቢኖር ተመልካቹ ብቻ ነው።

እስቲ አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንዱ የኮሚቴው አባል ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል፤ ማታ ታክቲክ ነው ሥራው። ከጃኬቱ ኪስ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ዘግኖ ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። «አራት፣ ሦስት፣ ሦስት! አማካዩ ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ ይቀበላል፣ የግራ ተከላካዩ ወደ መሀል ይገባል። ጋርዲዮላ እንዲህ ነው የሚያደርገው።» ከጎኑ ያለው፣ ከፋግታ ከሰል አስጭኖ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ፣ «ወንድሜ፣ አቅማችንን እንወቅ እንጂ፤ አምስት ተከላካይ!» ይልና ከአጥቂዎቹ አንዱን ቆርኪ በጣቱ ጎትቶ በረኛው ሥር ይወሽቀዋል። ሦስተኛው መምህር ነው። «እናንተ ሰዎች፣ እኛን የጎደለን ፕረሲንግ ነው» ብሎ ያለውን ቆርኪ በሙሉ በእጁ መዳፍ ጠርጎ ወደ ጠላት ክልል ይገፋዋል። አንዱ ቆርኪ መሬት ይወድቃል፤ ፕረሲንግ ዋጋ ያስከፍላል። ክርክሩ እንዲህ ጦፎ ሳለ ሻይ የሚያቀርበው ልጅ የወደቀውን ቆርኪ አንስቶ ወደ ቦታው ሲመልስ ቆጠረና፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ አሥራ ሁለት ናቸው» አለ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቆጣ። «አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ? ሻይህን አቅርብ!»

ቆጠራ ድሮም የእኛ ጠንካራ ጎን ሆኖ አያውቅም። በ2005 ዓ.ም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ሳምንት አልፎ ደቡብ አፍሪካንም አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስንረታ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ጨፈርን። ጭፈራው ሳይበርድ የፊፋ ዜና መጣ፦ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ቅጣት ላይ ሳለ ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል። ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ፤ ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተመዘገበ። የአርሴናል የነበረው ዣካ በየትኛው ዓመት፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማንን ረግጦ ቀይ እንዳየ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወርድ ሕዝብ ነው ይኼ። ያ ሁሉ ሊቅ ባለበት አገር እስከ ሁለት የሚቆጥር አንድ ሰው ታጣ። እንዲያም ሆኖ ልጆቹ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ብራዛቪል ላይ አሸንፈው ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሱ። እዚያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሰናበተችን። የኮሚቴው ግምገማ አጭርና ግልጽ ነበር፦ «ታክቲክ ነው የበላን።»

ከኮሚቴው ክፍሎች ሁሉ እኔ የማከብረው የታሪክ ክፍሉን ነው። አባላቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሲሆኑ ሥራቸው እረፍት ላይ ተነስቶ «እኛ እኮ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነን» ማለት ነው። እውነት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ ሁለቴ ተመርቶ ሁለቴ አቻ የሆነው ቡድናችን በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባገቡት ጎል ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀብሏል። የታሪክ ክፍሉ ይህን ሲተርክ እንባ የማይመጣው ሰው የለም። ሁለት ነገሮች ብቻ በሰዓት እጥረት ይዘለላሉ። አንደኛው፣ በዚያ ውድድር የተሳተፈው አራት ቡድን ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ይህችው ግብፅ በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 0 ቀጥታናለች፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ ነበር። ከዚያ ሽንፈት እስከ ዋንጫው አምስት ዓመት ሄደ። እንኳንም ያኔ ዲኤስቲቪ አልነበረ! በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት አሰልጣኝ፣ ስንት አምበል አባርረን፣ መንግሥቱ ወርቁንም «ገና ልጅ ነው፣ ኳስ ያበዛል» ብለን ተጠባባቂ ባደረግነው ነበር።

የሚገርመው፣ ከዚያ ፍጻሜ ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው ጥር 13፣ ዋልያዎቹ ኔልስፕሩት ላይ ከአምናዋ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር ተገናኙ። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያን ማታ ኮሚቴው ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ ተወያየ። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ስትቀጣን የተወያየው ሰውነት የት እንደሚቀመጡ ነበር።

አራት ቀን ብዙ ነው። ግንቦት 28 ቀን 2014 ዓ.ም ሊሎንግዌ ላይ ማላዊ 2 ለ 1 አሸነፈችን። ውበቱ አባተ በዚያ ማታ ኮሶበር ውስጥ ቢገኙ ሻይ የሚገዛላቸው ሰው አልነበረም፦ ኳስ መያዝ ምን ያደርጋል፣ ቅብብል ጎል አይሆንም፣ ይውረዱ። ሰኔ 2 እዚያው ሊሎንግዌ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ያው ባለ ቆርኪ ባጃጅ ነጂ ተነስቶ፣ «ነግሬያችሁ ነበር፤ ውበቱ ፈላስፋ ነው፣ ኳስ ያልያዘ አገር አይይዝም» አለ። አጨበጨብንለት። ሳላህ በጉዳት እንዳልተሰለፈ ያነሳ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ የትኛው ቡድን እንደላከው እስከ ዛሬ ይጠየቃል።

ወጣት ተጫዋች ላይ ስንመጣ ኮሚቴው አባት ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያገባ ወዲያው «የኛ ሜሲ» ብለን ስም አወጣንለት፤ ባርሴሎና ያዘገየው ቪዛ ነው ብለን ፈረድን። ልጁ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ፣ ተጎዳ። ጉልበቱ ሳይድን «አለቀለት» አልነው። እኛ ዘንድ አንድ ልጅ ሐሙስ ተስፋ፣ እሑድ ኮከብ፣ ማክሰኞ ጡረተኛ መሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት ተጫዋች የሚያመርት አካዳሚ አውሮፓ ውስጥ የለም።

ግምገማው ሁሉ የሚዘጋው ደግሞ በአንድ ውሳኔ ነው፦ «ታዳጊ ላይ ካልተሠራ ዋጋ የለውም።» ይህን ያላለ ተናጋሪ ተናገረ አይባልም። ታዳጊዎቹ ያሉት ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከዲኤስቲቪ ቤቱ ቁልቁል ሲወርዱ ሜዳ አለ። ጎሉ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ አግዳሚውን ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ለአጥሩ ወስዶታል፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ የሄደ ኳስ ጎል ይሁን አይሁን በጡጫ ይወሰናል። ልጆቹ ግማሹ በኮንጎ ጫማ፣ ግማሹ በባዶ እግሩ፣ በጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። ከነሱ መሀል ቀጠን ያለ ግራ እግረኛ አለ፤ ጭቃው ላይ ሦስት ሰው አጥፎ ሲያልፍ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ቲፎዞው ሁለት ላምና አንድ እረኛ ነበር፤ ከላሞቹ አንዷም ሜዳ ገብታለች። ኮሚቴው በዚያው ሰዓት ላይ ቤት ተቀምጦ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አገሪቱ ለምን ግራ እግረኛ እንዳጣች ይወያይ ነበር።

ልጆቹ አንድ ጊዜ ኳስ መግዣ እንዲዋጣላቸው ለመኑ። ባጃጅ ነጂው ንግግር አደረገ፣ መምህሩ ዕቅድ ይውጣ አለ፣ ነጋዴው በመርህ ደረጃ ተስማማ። የነበረን ገንዘብ በቤቲንግ ትኬት ላይ ተበልቶ ነበር። ስለ ቤቲንግ ካነሳን ዘንድ፦ ዋልያዎቹ ያሸንፋሉ ብሎ ከሚምለው ሰው መሀል በዋልያዎቹ ላይ ብሩን ያስያዘ አላጋጠመኝም። ስሜቱን ለአገሩ፣ ብሩን ለሊቨርፑል ይሰጣል።

ጎረቤታችን ዳንግላም ከእኛ አታንስም። እንግሊዞች በፈረንጅ 1925 ሜጀር ቺስማንን ቆንስል አድርገው ዳንግላ አስቀምጠውት ነበር፤ ሰውየው ከተሾመባት ከተማ ይልቅ ጣናንና ዓባይን ሲለካ ኖረ። ቆንስላው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ እንግሊዝ ግን ከዳንግላ ወጥታ አታውቅም፤ ዛሬ አንዱን ሠፈር በአርሴናል፣ አንዱን በማንቼ በኩል ታስተዳድራለች። ሁለቱ ሠፈሮች የሚታረቁት የብሔራዊ ቡድኑን አሰልጣኝ በማባረር ጉዳይ ብቻ ነው።

ምቀኝነት እንዳይሆንብኝ እንጂ በዚሁ በአዊ ምድር የሚያስቀና ሌላ ማኅበር አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም የመሠረቱትን ማኅበራቸውን ይዘው በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረስ ይሸልማሉ፣ ይጋልባሉ፣ ጉግስ ይገጥማሉ፤ የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባሉ። ኋላቀርነታቸው ይገርማል። እነሱ ዘንድ ስለ ፈረስ የሚያወራው ፈረስ ያለው ነው፤ ስለ ልጓም የሚከራከረው ልጓም የጨበጠ ነው። ልጅ ገና በውርንጭላ ጀርባ ላይ ሳለ አባቱ ከሥሩ ይሮጣል። ከአግዳሚ ላይ ሆኖ «ግራውን ሳበው! ቆረጥ አድርገው!» የሚል ባለሙያ ገና አላፈሩም። አንድ ቀን ይሠለጥናሉ።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑ አንድ ሐሳብ አለን። ባሕር ዳር ላይ ትልቅ ስታዲየም አለን፤ በ2014 ዓ.ም መስከረም ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ካሸነፈችን በኋላ ግን ካፍ «ደረጃውን አያሟላም» ብሎ ዋልያዎቹን ሜዳ አልባ አደረጋቸው። ጋናን ጆሃንስበርግ፣ ግብፅን ሊሎንግዌ፣ ሴራሊዮንን ሞሮኮ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ «በሜዳችን» ተቀብለናል። ሰው ቤት ሆኖ እንግዳ መጋበዝ እኛ የጀመርነው ባህል ነው። ይህ ሁሉ የአውሮፕላን ወጪ ለምን? የሜዳችን ጨዋታ በሙሉ ኮሶበር ዲኤስቲቪ ቤት ይደረግ። መቀመጫ ችግር የለም፤ የመልበሻ ክፍል እንኳ ከድንች መጋዘኑ ጎን ይገኛል። አሰላለፉን እኛ እናወጣለን፤ በቆርኪ። አሥራ ሁለተኛውንም ሰው ማንም አይቆጥርብንም። እዚህ ቤት ውስጥ ዋልያዎቹ ተሸንፈው አያውቁም፤ የተሸነፉት አሰልጣኞቹ ናቸው።

ካፍ መርማሪ ይላክ። መብራት ከጠፋ ጀኔሬተር አለ፤ ጀኔሬተሩም ከጠፋ ባለቤቱ ብራችሁን አልመልስም የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል፤ ይህ በራሱ ከብዙ ስታዲየሞች የተሻለ ግልጽነት ነው። ኮሚቴው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርሐ ግብር ሲወጣ ያማክሩን። ባለፈው የዋልያዎቹ ጨዋታ ከአርሴናል ጋር በአንድ ሰዓት ተጋጥሞ ባለቤቱ ወደ ዋልያዎቹ ሲቀይር ቤቱ በፉጨት ሊናድ ነበር። ድምፅ ተሰጠ። እጁን ለዋልያዎቹ ያወጣው ሻይ አቅራቢው ልጅ ብቻ ሲሆን እሱም ከፋይ ስላልሆነ አልተቆጠረም።