ጣረ ሞት በመኪና የማደን መመሪያ

ፈረንጅ የጦር ሜዳውን ሸጦ ይበላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1863 ሦስት ቀን ሙሉ የተላለቁበትን ጌቲስበርግን ቀን ቀን ካርታ ይዘው በገዛ መኪናቸው ይዞሩበታል፤ ሲመሽ ደግሞ «እዚህ ጥግ የሞተ ወታደር ይታያል» የሚል አስጎብኚ ፋኖስ አንጠልጥሎ ትኬት ይቆርጥላቸዋል። እኛ ምን ጎደለን? ከደብረ ታቦር ተነስቶ በገሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አልፎ ደብረ ዘቢጥ የሚደርሰው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ግራና ቀኝ የወደቀው ሰው ለአንድ አገር ጣረ ሞት ይበቃል። የጎደለን መመሪያ ብቻ ነበር፤ እነሆ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ የፈጸመ ሰው ምንም ሳያይ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ግን ስልኩን በቪዲዮ ሞልቶ እንደሚመለስ ዋስ ነን።

1. ሰው አትጠይቅ

ስልክ እያለ ሰው መጠየቅ ኋላ ቀርነት ነው። ደብረ ታቦር ስትገባ ካርታህን ክፈት፤ ባንኩን፣ ሆቴሉን፣ ነዳጅ ማደያውን ሁሉ ያሳይሃል። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ የተጋጠሙበትን ሜዳ ግን አያሳይህም። ግድ የለም፤ ማደያው አጠገብ ቆመህ «እዚሁ ነው» በል። ማን ይከራከርሃል?

በተለይ ከሽማግሌ ራቅ። ሽማግሌ ዘንድ ከተቀመጥህ ጣረ ሞትህን የሚያስረሳ ጨዋታ ያመጣብሃል። የሰሜኑ ውቤ ነፍጠኛውን አሰልፎ፣ ከእስክንድርያ በቅርቡ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዞ መጣ። ተዋጋ፤ አሸነፈ፤ ራስ ዓሊም ሸሸ። ከዚያ አሸናፊው ድንኳኑን ተክሎ ድሉን ማክበር ጀመረ። ይህን ጊዜ የዓሊ ወገን የሆነው የዳውንቱ ብሩ አሊጋዝ ድግሱ መሀል ደርሶ ባለድሉን ማረከው። ዓሊ በሽሽት ያጣውን ድል ሌላ ሰው አንስቶ አስረከበው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ሰው ይስቃል። የሳቀ ሰው አይፈራም፤ ያልፈራ ሰው ደግሞ ጣረ ሞት አይታየውም።

መጠየቅህ ካልቀረ አጠያየቁን አበላሸው። መስኮቱን ግማሽ ዝቅ አድርገህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ እርፍ ጨብጦ የሚያርሰውን ሰው «ስማ! ሙቶቹ የሚታዩት የት ጋ ነው?» በለው። እንደምን ዋልህ የለ፣ ከብቱ ደህና ነው የለ፣ አዝመራው እንዴት ነው የለ። ሰውየው በሬዎቹን ያቆምና ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ዝም ብሎ ያይሃል። ቀጥሎ «ወንድምዓለም፣ ለመሆኑ ጤና ነህ?» ይልህና ወደ ጠበሉ የሚወስደውን መንገድ ያመለክትሃል። ይህን አቅጣጫ ጻፈው፤ በጉዞህ ሁሉ የምታገኘው ትክክለኛ አቅጣጫ እሱ ብቻ ነው።

2. ቀኑን በፈረንጅ ቁጠር

ጣረ ሞት የሚነሳው በሞተበት ዕለት ነው ይላሉ፣ የሚያውቁት። የአንችም ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። አንተ ማርች 22 ላይ ሂድ። ዘጠኝ ቀን ቀድመህ ሜዳው ላይ ታድራለህ፤ ራስ ጉግሣ ወሌም አይመጣም። «አበሻ ሞቶም ቀጠሮ አያከብርም» ብለህ አማው። ዓመቱንም እንዲሁ አደባልቀው፤ አንዱን በእኛ፣ አንዱን በእነሱ እየቆጠርህ ያው ሰው ሁለት ጊዜ እንዲሞት አድርግ።

የዕለቱን ታሪክ ግን አታንብብ፤ ያለ ጣረ ሞትም ያስደነግጣል። የቤጌምድሩ ገዥ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባለቤት ራስ ጉግሣ ፈረሰኛውን ይዞ ደብረ ዘቢጥ አጠገብ አንችም ላይ ተሰለፈ። ከወዲያ በሙሉጌታ ይገዙ የሚመራው የንጉሥ ተፈሪ ጦር አለ። ከሁለቱም በላይ አውሮፕላን ያንዣብባል። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል። ከወረቀቱ በኋላ ቦምብ ወረደ። ውግዘትም እሳትም ከአንድ ሰማይ ሲዘንብበት በፈረስ ላይ የነበረው ሰው ምን እንዳሰበ አስበው። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ተገደለ። መጋቢት 24 ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ከዚህ በኋላ ነጭ አንሶላ የለበሰ መንፈስ ምን ሊጨምርልህ ነው?

3. ሌሊት ውጣ

የአገሩ ሰው የሚጠነቀቀው ከቀትር ጋኔን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ወንዝ ዳር መውረድ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር መተኛት አይወድም፤ እናት ልጇን የምትከለክለውም በዚያ ሰዓት ነው። አንተ ግን ፊልም ያየህ ሰው ነህና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ውጣ፤ አጋንንቱ የቀን ሥራቸውን ጨርሰው ባረፉበት ሰዓት።

ለሟች ነፍስም ቢሆን አገሩ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ። ጠላ ተጠምቆ፣ ካህን ጸልዮ፣ ደሃ በልቶ የተሸኘች ነፍስ አስፋልት ዳር ቆማ የአንተን ቪትዝ አትጠብቅም። ይህን የሚነግሩህ ቄስ ቢያጋጥሙህ «አባ፣ ኢንተርኔት የለዎትም እንዴ?» ብለህ እለፋቸው።

መንገዱ በማታ ክፍት ይሁን ዝግ፣ አገሩ ሰላም ይሁን አይሁን አታጣራ። ገሳይን አልፈህ ስትወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ ጉሙን ይልክብሃል። ረጅሙን መብራት አብራ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ውስጥ ይረጨዋል። ከዚያ ነጭ ነገር ብቅ ይላል፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ፊቱ የተሸፈነ፣ እግሩ የማይታይ። አገኘኸው! ካሜራህን ደግን። ነጩ ነገር ጋቢውን ከአፉ ገለጥ ያደርግና ክላሹን ከትከሻው አውርዶ «ቁም! መታወቂያ!» ይልሃል። ሙት ፍለጋ ወጥተህ የበረደው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የተቆጣ ሚሊሻ አገኘህ። ጣረ ሞት እንደማይተኩስ በዚያች ደቂቃ ትዝ ይልሃል።

4. ሴባስቶፖልን ጋፋት ፈልግ

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጦ መድፍ ያሠራበት ቦታ። እዚያ ቁምና «የሴባስቶፖል መንፈስ ሆይ፣ ተናገር!» እያልህ ጩህ። ማንም አይመልስልህም፤ መድፉ እዚያ የለማ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ሲወጣ አብሮት ወጥቷል። ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታየው አምሳያው ነው።

ንጉሡ ይህን ብረት በደብረ ዘቢጥ በኩል ሲወስድ መንገዱን እየሠራ ነበር የሚሄደው። ድንጋዩ ይፈነቀላል፣ ገደሉ ይናዳል፣ ሠረገላው በሰው ክንድ ይጎተታል። መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ንጉሡ የኖረው ሳምንታት ብቻ ነው። ይህን ካወቅህ እያንዳንዱ ዳገት ሊያስጨንቅህ ነው። ስለዚህ አትወቅ።

5. ከመኪና አትውረድ

ንጉሡ ወራት የፈጀበትን መንገድ አንተ ነዳጅህ ሳያልቅ ልትጨርሰው ትችላለህ፤ ታዲያ ለምን ትወርዳለህ? ከወረድህ ዳገቱ ጉልበትህን ይይዝሃል፤ ጉልበቱን የተያዘ ሰው ሠረገላ የጎተቱትን ማሰቡ አይቀርም። መስኮትህን ዝጋ፣ ዘፈንህን ልቀቅ። ገሳይ ላይ የድንች ጆንያ የተሸከመ ሰውና አህያ መንገዱን ቢሞሉት ጥሩምባህን ንፋ። ሻይ ቤት ገብተህ እንዳትቀመጥ፤ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው አያቱ ከማን ጋር እንደዘመተ ሊያጫውትህ ይችላል። ጨጨሆ ገደል አፋፍ ስትደርስ «አቤት እይታ!» ብለህ ፎቶ አንሳና እለፍ።

6. ያገኘኸውን ብረት ኪስህ ክተት

ከጦር ሜዳ ባዶ እጁን የሚመለስ ሞኝ ነው። ማሳ ላይ ቀለህ ካየህ አንሳው። ክብ ብረት ካየህ በእግርህ ገልብጠው። የ1922 ይሁን የ2013 ምን ለየህ?

አዎ፣ 2013ም አለ። በዚያ ዓመት ክረምት የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ መጣ። ነፋስ መውጫ ተያዘች፤ ውጊያው ወደ ጉና ተጠጋ፤ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰው ገደለ። ጣረ ሞት አዳኝ ይህን ሲሰማ ምራቁን ይውጣል፤ ሙቱ ትኩስ ነዋ! ስለዚህ ልጇን ያጣች እናት ቤት ፈልግና ካሜራህን ደቅንባት። ጥቁሯን እንዳልፈታች እያየህ «እማማ፣ ማታ ማታ የሚሰማዎት ድምፅ አለ?» በላት። ብታለቅስ አታቋርጣት፤ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተመልካች ያመጣልሃል። ርዕሱንም አንተው አውጣለት፤ እሷማ ያላት የልጇ ስም ብቻ ነው።

እስከዚህ ያለው ፌዝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ከምር ነው።

ከደብረ ታቦር እስከ ደብረ ዘቢጥ ያለው መንገድ መታየት የሚገባው መንገድ ነው። አንድ የጦር ሜዳ እንዴት አሸናፊን ምርኮኛ እንደሚያደርግ፣ ንጉሥ በገዛ መድፉ ክብደት እንዴት እንደሚዘገይ፣ ፈረሰኛ ከአውሮፕላን ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን በአንድ መስመር የሚያስተምር ሌላ መንገድ በአገራችን ብዙ የለም። ያ ሜዳ ግን ዛሬ የሰው ማሳ ነው፤ ገብስ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል። ባለቤት ያለው መሬት ላይ የሚገባ ሰው ደግሞ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል።

ሂድ፤ ሰላም መሆኑን አጣርተህ፣ በቀን ሂድ። ደብረ ታቦር ላይ አገሩን የሚያውቅ ሰው ፈልግና የድካሙን ክፈለው። መኪናህን አቁመህ ውረድ፣ ሰላምታህን አሟልተህ ስጥ፣ ቡና ቢሉህ ተቀመጥ። ሐዘንተኛ አትቅረጽ። መሬት ላይ የወደቀ የማታውቀው ብረት ካየህ አትንካው፣ አትርገጠው፣ ለፎቶም አትጠጋው፤ በመጣህበት ዱካ ተመለስና ለአካባቢው ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ተናገር። ያልፈነዳ ጥይት ስንት ዓመት እንደተኛ አይቆጥርም።