የጊዜ ኮለሞችን ስም ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኩዌሪ ስትጽፍ የምታድር፣ በማለዳ ሪፖርት አምጣ የምትባል ሁሉ!

በቴብሎቻችን ውስጥ “ቀን”፣ “ቀን2”፣ “አዲሱ_ቀን” እና “ቀን_የመጨረሻ” የሚባሉ ኮለሞች ያለ አባት ስም ተፈልፍለው በመገኘታቸው፤ የትኛው ትዕዛዙ የገባበት፣ የትኛው ሒሳቡ የተከፈለበት እንደሆነ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ሥራ ለቆ ስልኩን በማጥፋቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ “ቀን ብሎ ዝም የለም አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። የጊዜ ኮለም ሁሉ ምን እንደተፈጸመ በስሙ ይናገራል፤ የተመዘገበበት፣ የተከፈለበት፣ የተሰረዘበት ይላል። ሰዓት ከያዘ በ“_ሰዓት”፣ ቀን ብቻ ከያዘ በ“_ቀን” ይጨርሳል። በእንግሊዝኛ “ክሪኤትድ_አት” ብሎ የጀመረም በ“አት” ይጽና። ሰኞ “አት”፣ ማክሰኞ “ዴት”፣ ሐሙስ “ታይም” ማለት ዓርብ ቁርጥ እንደመብላት ይቆጠራል።

አንቀጽ 3። ቢሮ የምንገባበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ 8፡00፣ በዩቲሲ 5፡00 ነው። ኮለሙ ዝም ካለ ማን ይፍረድ? ስለዚህ በዩቲሲ የተቀመጠ “_ዩቲሲ” ተብሎ ይጠራ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈም “_ዓም” ይባል፤ ግን በጽሑፍ እንጂ በዴት ዓይነት ኮለም አይግባ። ጥቅምት 30ን በቁጥር ያስገባ ባለሙያ “በሁለተኛው ወር 30 የሚባል ቀን የለም” ተብሎ ይመለሳል፤ ጳጉሜንን ይዞ የሄደማ 13ኛ ወር ከየት አመጣህ ይባላል። ዳታቤዙ የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ አልደረሰውም።

አንቀጽ 4። ስም ማሳመር የማያድነውም አለ። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰከንድ በ32 ቢት የሚቆጥሩ ኮለሞች ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላሉ። ዕለቱ ጥምቀት ነው። ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር ተጠርቶ የሚመጣ ተረኛ ከአሁኑ ይመደብ፤ ነጠላውን ለብሶ ቢመጣ አይከለከልም።

አንቀጽ 5። ነጋሪት ጋዜጣ እንኳ “ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ” ብሎ የቱን ቀን ማለቱ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። እኛም ከእሱ አናንስም። ይህ አዋጅ ከታች ከተመለከተው ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ቀን፦ 05/06/17