የግማሽ ሚሊሜትር ጠብ

ሰው መጣላት ከፈለገ ሰበብ አያጣም። በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ያደገውን ደልሲመር የሚወዱ ሰዎች የሚነታረኩበት ጉዳይ አላቸው፦ ክሮቹ የሚጫኑበት እንጨት፣ ማለትም ፍሬትቦርዱ፣ ዝርግ ይሁን ወይስ ጎበጥ ያለ?

ደልሲመር ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክር ያለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የኬንታኪዋ ዘፋኝ ጂን ሪቺ ይዛው ኒው ዮርክ ገባች፤ ውሎ አድሮም ጊታር የለመዱ ጣቶች በዙበት። ጉብታውን የሚደግፉት ታዲያ ምስክር የሚጠሩት ጊታርን ነው። ክላሲካል ጊታር ዝርግ መሆኑን ግን ማንሳት ነውር ነው። የጊታር ተጫዋች አንገቱን ከሥር አቅፎ ሲይዝ፣ የደልሲመሩ እጅ ከላይ እንደሚወርድ፣ አውራ ጣት እንኳ ክር እንደሚጫንም ማስታወስ አይወደድም።

እስኪ ጉብታውን እንለካው። የብዙዎቹ የጊብሰን ጊታሮች ፍሬትቦርድ ጉብታ የ12 ኢንች ራዲየስ አለው። ይህንኑ 38 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የደልሲመር ፍሬትቦርድ ላይ ብናወርደው፣ መሀሉ ከጠርዙ ከፍ የሚለው 0.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለዚህች ሲባል ደህናው ደልሲመር ተሽጦ ሌላ ይታዘዛል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ማለት ይኼኔ ነው።

የዝርጉ ወገን ደግሞ "ባህላችን ተነካ" ብሎ ይነሣል። ባህሉን ካነሣን፣ ከጥንቶቹ ሠሪዎች ብዙዎቹ ፍሬቱን፣ ማለትም በፍሬትቦርዱ ላይ ድምፅ የሚለየውን ዘንግ፣ የሚሠሩት ከታጠፈ ሽቦ ነበር፤ የሚተክሉትም ዜማው በሚወጣበት ክር ሥር ብቻ ነበር። ተጫዋቹ ያንን ክር በትንሽ እንጨት እየተጫነ ይንሸራተትበታል፤ የቀሩት ክሮች ማንም ሳይጫናቸው ያጅባሉ። አንድ ክር ብቻ ለሚጫን ሰው ጉብታው ምኑ ነው? ጥያቄው የመጣው ሁሉንም ክር ባንድ ጊዜ ተጭኖ ኮርድ መያዝ ሲለመድ ነው። የዛሬው ባህል ጠባቂም ንግግሩን እንደጨረሰ በሦስት ጣቱ ኮርዱን ይይዛል።

ጣቱን የሚያመው ሰው ጉብታው ከተመቸው እሰየው፤ ዝርጉ የሚስማማውም ይመታበት። የሁለቱ ወገን ችግር ግን አንድ ነው፤ ክርክሩ በረዘመ ቁጥር ክሩ ይረግባል፣ የሚቃኘው ግን የለም።