ጋሼ፣ ስለ ባሕሩ የጠየቁኝን በተመለከተ

ዛንዚባር፣ ነሐሴ 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣

እኔ ከናፍቆታችሁና ከጆሮ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። የጆሮዬን ነገር ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ፤ ለእናቴ ግን አደራ እንዳይነግሯት።

በሰው የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ባሕር የሌለው አገር ልጅ የባሕር ትምህርት ምን ይሠራለታል? የቦሩ ሜዳ ገብስ በዓሣ ሊታረስ ነው ወይ?» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከዘመዶቻችን መካከል ደግሞ ባሕር ያዩት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ መልሱን ለእርስዎ መጻፍ ይቀለኛል። ባቲን፣ ሚሌን፣ ማንዳን፣ ቡሬን አልፈው አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ነድተዋል። ነገር ግን እርስዎ ራስዎ እንዳጫወቱን፣ ዳሩ ላይ ቆመው ጎማ አጥበው ተመልሰዋል። ወደ ውስጥ አላዩም። እኔ ያንን የቀረውን ልይልዎ ነው የመጣሁት።

በመጀመሪያ ስለ አየሩ። ቦሩ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው እዚህ ሲወርድ ሳንባው ግብር የተማረለት ይመስለዋል። ደረጃ ብወጣ አይደክመኝ፣ ብሮጥ ትንፋሽ አያጥረኝ! አብረውኝ የሚማሩት የውጭ አገር ልጆች ሯጭ መስያቸው ነበር፤ እኔም አላስተባበልኩም። ክብሬ የቆየው ግን ውኃ ውስጥ እስክንገባ ድረስ ነው። ውኃ ጨካኝ ነው ጋሼ። 10 ሜትር ሲወርዱ በላይዎ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ 30 ሜትር ሲደርሱ አራት እጥፍ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጆሮዎ የሚደፈነውም በዚሁ በግፊት ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ 600 ሜትር ገደማ ወርደው የሚያገኙትን ለውጥ እዚህ አንድ ሜትር እንኳ ሳይጠልቁ ያገኙታል። መፍትሔው አፍንጫን በጣት ይዞ፣ አፍን ገጥሞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮ መንፋት ነው። የእኔ ግራ ጆሮ ይህን ትምህርት ገና አልተቀበለም።

ሌላው መከራ ደግሞ ዝምታው ነው። አየር የምንስበው በአፋችን በያዝነው ጎማ ስለሆነ ወሬ የለም፤ ለወሎ ሰው ይህ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። የምንግባባው በእጅ ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር አገራችን «ጎበዝ» ነው፤ እዚህ ግን «እንውጣ» ማለት ነው። አንድ ኬንያዊ ጓደኛዬ ኤሊ ባየ ቁጥር ደስ እያለው አውራ ጣቱን ያቆማል። አስተማሪያችንም ሕግ ነውና ሁላችንንም ሰብስቦ ይወጣል። እስካሁን አንድም ኤሊ ፊቱን በቅጡ አላየሁም።

ያየሁትን ግን ልንገርዎ። ፓሮት ፊሽ የሚሉት፣ ቀለሙ የሰርግ ቤት የሚመስል ዓሣ አለ። ሥራው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚመስለውን ኮራል መቆርጠም ነው፤ ሲቆረጥም ውኃው ውስጥ ሆነው ድምፁን ይሰሙታል። ድንጋዩን ይፈጭና አልሚውን ወስዶ የቀረውን በኋላው በኩል አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ያ በፎቶ ያዩት፣ ቱሪስት ብዙ ዶላር ከፍሎ የሚንጋለልበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ኩስ ነው። ለቱሪስቶቹ የነገራቸው የለም። እኔም እንግዳ ስለሆንኩ ዝም ብያለሁ።

ደሴ ፒያሳ ላይ እንደሚሰለፉት ሊስትሮዎች ያለ ደግሞ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ አለ። ኮራሉ ላይ ቋሚ ቦታ ይዞ፣ እየጨፈረ ደንበኛ ይጠራል። ሊውጠው የሚችለው ትልቅ ዓሣ ተራውን ጠብቆ ይመጣና አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ ትንሹ ገብቶ ጥርሱንም ጉንጩንም ካጸዳ በኋላ በሰላም ይወጣል። ደስ አይልም? ግን የሰው ነገር እዚህም አለ። ቀለሙንም ጭፈራውንም አስመስሎ የሚቀመጥ ሌላ ዓሣ አለ፤ ደንበኛው አምኖ ሲጠጋ ሥጋውን ቦጭቆ ይሮጣል። ስለ ባሕር ፈረስ ደግሞ፣ የሚያረግዘውም የሚወልደውም ወንዱ መሆኑን ልጨምር ነበር፤ እትዬ ደብዳቤው ሲነበብ እንደሚሰሙ ስለማውቅ ግን አላብራራም።

ምግብን በተመለከተ፣ የማርፍባቸው እናት ከመጣሁ ጀምሮ ኦክቶፐስ ሊያበሉኝ ይጥራሉ። እዚህ ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ዘንግ ይዘው ወርደው ከድንጋይ ሥር የሚያወጡት ነው። ሦስት ልብ አለው፤ ደሙ ሰማያዊ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት ግን የለውም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ቦሩ ሜዳ ላይ ሰብስበው ሲያከራክሩ ስለ ኦክቶፐስ የተነሣ ነገር ስላልነበረ ፍርዱ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ዘሌዋውያንን ተመልክቼ ይቅርብኝ አልኩ። የማርፍባቸው እናት ሙስሊም ናቸው፤ እኔም የወሎ ልጅ ነኝና የማዕድ ነገር ለማስረዳት አልተቸገርኩም። አሁን ፍልሰታ ስለገባ ባቄላውን በኮኮናት ወተት ይሠሩልኛል። በርበሬ ቢኖረው ኖሮ አገሬን እረሳ ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ጋሼ፣ «ባሕር የለንም» ይላሉ። ባሕሩ እኮ እኛ ዘንድ መጥቶ ነው ደርቆ የቀረው! ከ100 ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ወደ አፋር ገብቶ ነበር፤ ዛሬም ዳሎል በሚገኝበት በዚያ ዝቅታ ዳርቻ የደረቀ ኮራል ቆሞ ይታያል። ከዚያ የሚቆረጠውን አሞሌ ጨው አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት፣ እኛም ወጣችን ላይ ስንጨምረው ኖርን። ባሕሩን በልተነው ሲያበቃ የለንም ማለት ይከብዳል። ጠዋት የሚፋቁበት የጥርስ ሳሙናም ቢሆን፣ አንዳንዱ የሚረጋው ከባሕር ሣር በሚወጣ ካራጂናን በሚባል ነገር ነው። ያንን ሣር በፓጄና በጃምቢያኒ መንደሮች ሴቶች በገመድ እያሰሩ ያበቅሉታል፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው እዚህ የተለመደው። አሁን ግን ውኃው እየሞቀ ዋጋ የሚያወጣውን ዝርያ አላበቅል ብሏቸዋል።

ይህ ሙቀት ነው እኔን እዚህ ያመጣኝ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ የሚኖረው በሥጋው ውስጥ ያሉ ተክል መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት እየመገቡት ነው። ውኃው ከተለመደው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ አልፎ ሳምንታት ከቆየ ኮራሉ ያስወጣቸዋል፤ ይነጣል፣ ሙቀቱ ካልበረደም ይራባል፣ ይሞታል። እርስዎ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋብዎ፣ በዚያው ዓመት በዚህ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ዳር ኮራሉ ነጥቶ እጅግ ብዙው አለቀ። ያንን ዓመት እዚህ ያሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች ሲያነሡ እርስዎ አሰብን በሚያነሡበት ድምፅ ነው የሚያወሩት። ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮራሉ ይጠበቃል፤ ከጠባቂዎቹ ብዙዎቹ ድሮ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በአየር ሲሊንደር መጥለቅ እንኳ አይፈቅዱም፤ ተንሳፍፈው አይተው መመለስ ነው።

ስመለስ ሥራ አላጣም። ሐይቅ አለ አይደል? እስጢፋኖስ ገዳም ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚበሉት ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ እንጂ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። እርሱ ከመጣ ወዲህ ሐይቁ ውስጥ ምን ተለወጠ? እርስዎ በገብስዎ ላይ አዲስ አረም ቢያዩ ዝም አይሉም፤ እኔም ዝም አልልም።

አሁን ስለ መምጫዬ። የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ ናይትሮጅን ስለሚቀር ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ቢበዛ በ2440 ሜትር ከፍታ እንዳለ ያህል ይሳሳል። የእኛ ቤት ከዚያ በላይ ነው! ይህን ለአስተማሪዬ ስነግረው ካርታ ከፍቶ አየና «እዚያ ሰው ይኖራል?» አለኝ። «ይኖራል፣ ገብስም ያርሳል» አልኩት። አሰበና፣ ለጥንቃቄ አንድ ቀን ሙሉ ጨምሮልኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ያልኩት ወደ እሑድ ተዛውሯል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ማንም እንዳይቀበለኝ፤ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። እትዬም ዶሮውን ቅዳሜ እንዳያርዱት ይንገሩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ