የድምፅ መልእክት ሣጥን ለምን ባዶ ሆነ? ከሀቢቾ እስከ ዱራሜ ያለውን የጥሪ ሥርዓት የሚመለከት አጭር ጥናት

ስማርት ስልክ ሁሉ የድምፅ መልእክት ሣጥን ይዞ ይወለዳል። መክፈቻው ቀላል ነው፤ የቁጥር ሰሌዳው ላይ 1ን ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ 1ን ጫን አድርጎ የያዘ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው “የድምፅ መልእክት ቁጥር አልተመዘገበም” የሚል ማሳሰቢያ ነው። ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ ቢፈልገውም ቦታው ባዶ ነው። ችኩል ተመራማሪ ይህን የቴክኖሎጂ ኋላ ቀርነት ብሎ መዝግቦ ያልፋል። ይህ ጥናት የሚከራከረው በተቃራኒው ነው። ሣጥኑ ባዶ የሆነው የሚሞላው ጠፍቶ ሳይሆን ሥራው አስቀድሞ በሌላ፣ ይበልጥ በረቀቀ ተቋም ስለተያዘ ነው። ተቋሙ ሚስኮል ይባላል።

ሣጥኑ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካዊው ጎርደን ማቲውስ የድምፅ መልእክት ሥርዓቱን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያገኝ በሐሳቡ የነበረው ቢሮ ነው። ሠራተኛው ስብሰባ ገብቷል፣ ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታለች፣ ደዋዩ ግን ስለ ዕቃ ርክክብ የሚናገረው አለው። የስልኩን ሒሳብ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ማንም ስለ ደቂቃ አይጨነቅም። እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ተቀባይ አይከፍልም፤ ደዋይ የሚከፍለው ደግሞ ስልኩ ከተነሳ ነው። ያልተነሳ ስልክ ነፃ ነው። የሚስኮል ሥርዓት የቆመው በዚህች አንዲት የታሪፍ ሐቅ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ሣጥኑን አስተካክላለሁ ብሎ ቢነሳ ምን እንደሚከሰት በቴክኒክ እንመርምር። ሲደወል ካልተነሳ ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዛወር የሚያደርገው የጂኤስኤም ትእዛዝ በ**61* ይጀምራል። ጥሪው ከመዛወሩ በፊት ስልኩ ስንት ሰከንድ ይጩህ የሚለውም እዚያው ይወሰናል፤ ከ5 እስከ 30፣ በአምስት አምስት እየዘለለ። ባለቤቱ 5ን መረጠ እንበል። የአክስቱ ልጅ ከሾኔ ሚስኮል ሊያደርግለት ይደውላል። ስልኩ አንዴ ይጮኻል፤ ወዲያው ማሽኑ ያነሳዋል። በኔትወርኩ ዓይን ማሽን ያነሳውም ሰው ያነሳውም አንድ ነው፣ ሒሳብ ይቆጥራል። ልጁ በኪሱ የነበረችው የመጨረሻዋ ሳንቲም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አለቀች። ስለዚህ የድምፅ መልእክት ሣጥን መክፈት፣ ከኢኮኖሚ አንፃር ሲታይ፣ በድኻ ዘመድ ላይ ወጥመድ ማጥመድ ነው። ይህን ካደረገ ሰው ጋር ቤተሰቡ ለምን እንደተቀያየመ ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም። መፍትሔው ##002# ነው፤ ማዛወሩን ሁሉ ይሰርዛል። ቅያሜውን ግን አይሰርዝም።

ሁለተኛው እንቅፋት ሰላምታ ነው። ማሽኑ ጢጥ ካለ በኋላ ደዋዩ መልእክቱን በቀጥታ እንዲናገር ይጠበቃል። በቀጥታ የሚናገር ሰው ግን ወይ ፖሊስ ነው ወይ ባለጌ። ጨዋ ሰው “እንዴት ዋላችሁ?” ብሎ ይጀምርና መልስ ይጠብቃል። ማሽኑ ዝም ይላል። “ልጆቹ ደህና ናቸው?” ዝም። “ከብቱስ? እንሰቱስ?” አሁንም ዝም። ዝምታው እየበረታ ሲሄድ ደዋዩ የሆነ ችግር እንደተፈጠረ መገመቱ አይቀርም፤ የተፈቀዱለት ደቂቃዎችም መልእክቱ ሳይጀመር ያልቃሉ። ሰላምታችን የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ ለአንድ ሰው የተሠራ ዕቃ አይሸከመውም።

ሚስኮል ግን ይዘት የለውም፤ ማን እንደደወለ እንጂ ለምን እንደደወለ አይናገርም የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ይመስላል። መልሱ ግን ለምን የሚለው ከማን ውስጥ ይወጣል ነው። ወንድም በመስከረም፣ ያሆዴ ወይም መሳላ በዓል ሲቃረብ ሚስኮል ካደረገ ጉዳዩ በሬ ነው። ተማሪ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ካደረገ ብር ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የገባ ሚስኮል ደግሞ ሕመም ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ታሪፍ አያሰላም። ሞት ከሆነ ጉዳዩ ከእነአካቴው የስልክ አይደለም። መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው። መርዶን ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ “ለመስማት 1ን ይጫኑ” የሚል ሥርዓት የደረሰበት ሥልጣኔ ካለ፣ ይህ ጥናት በአክብሮት ይለፈው።

ኢሞና ቴሌግራም ላይ የሚላከው ድምፅስ የድምፅ መልእክት አይደለም ወይ? አይደለም። የማቲውስ ሣጥን የይለፍ ቃል አለው፤ ምስጢር ነው። ከጆሃንስበርግ ስፓዛ ሱቅ ወደ ሆሳዕና በኢሞ የሚላክ ድምፅ ግን የሚከፈተው በጎረቤት ልጅ እጅ፣ በከፍተኛ ድምፅ፣ ቡና በቀረበበት ነው። ስለዚህ በዘርፉ አመዳደብ ከአዋጅ ወገን ነው። ደቡብ አፍሪካን ካነሳን ደግሞ ማስረጃው ወደ እኛ ያደላል። ሣጥኑ በሚገባ በሚሠራበት በዚያ አገር፣ የስልክ ድርጅቱ የቮዳኮም የሒሳብ ሠልጣኝ የነበረው ንኮሳና ማካቴ እ.ኤ.አ. በ2000 ካርድ የሌለው ሰው “እባክህ ደውልልኝ” የሚልበትን ነፃ አገልግሎት ለአለቆቹ አቀረበ። አገልግሎቱ በ2001 ተጀመረ፣ የክፍያው ክርክርም እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2016 ለማካቴ ተፈረደለት። እዚህም ኢትዮ ቴሌኮም በ*807* ያንኑ አደረገ። አንድ ድርጅት ደንበኛው እንዳይከፍለው የሚረዳ አገልግሎት ካቋቋመ፣ ሚስኮል ባህል መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆኗል ማለት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የጥቅል ነው። የወር ጥቅል የገዛ ሰው ደቂቃ ተርፎት እያለ ለምን ሚስኮል ያደርጋል? ያደርጋል። ለአጎት ሙሉ ጥሪ መደወል ገንዘብ አለኝ ብሎ ማወጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም።

ሥርዓቱ እንከን አልባ ነው ማለት ግን አይደለም። አንድ የታወቀ ብልሽት አለው፤ ስልኩ ከሚጮኽበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ስልኩ የተቀመጠው ኔትወርክ በሚገባበት መስኮት ላይ ነው፣ እናት ከጓሮ እንሰት መሐል ናቸው፣ ከዚያ እስከ መስኮቱ ያለው መንገድ ደግሞ ከጩኸቱ ይረዝማል። ሲደርሱ ስልኩ ዝም ብሏል። ስሙን ያያሉ፤ ልጃቸው ነው፣ የፈለገውንም ያውቃሉ። ካርድ ግን የላቸውም። ስለዚህ ሚስኮል ያደርጉለታል። እሱም ያየዋል፤ ካርድ የለውም፤ ሚስኮል ያደርጋል።