የአቶ እንዳላየ ይሉኝታ አጭር የሕይወት ታሪክ



አቶ እንዳላየ ከአባታቸው ከአቶ ይሉኝታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰፉ በአርሲ ምድር ተወለዱ። እናታቸውን ለማታውቁ፣ ኦሮሞ ወጉንና ነውሩን የሚለይባቸው ሴት ናቸው። ሟች የተወለዱበት ዘመን አልተመዘገበም፤ መዝጋቢው አይቶ አልፎት ይሆናል።

እዚያው አርሲ፣ አርቦዬ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠሩ ወዲህ፣ ደብዳቤው በአማርኛ ሲጻፍም ወደ ቁቤ ሲዞርም ከሥራ ገበታቸው ተለይተው አያውቁም። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ገበያ የወረደውን ሁሉ «አሁን እዚህ ነበር እኮ» እያሉ አድነውታል። ከምሳ በኋላ ከሒሳብ ክፍል ማንኮራፋት ሲሰማ የፎቶ ኮፒውን ማሽን የሚያስነሱት እሳቸው ነበሩ።

አንዱን ብቻ በዝርዝር ልመስክር። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ከመሳቢያቸው ጭኮ አይጠፋም። ባለጉዳይ ፊታቸው ቆሞ ሳለ መሳቢያው ገርበብ ይላል፣ እጅ ይገባል፣ አንደኛው ጉንጭ ያብጣል፣ መሳቢያው በጉልበት ይዘጋል። ባለጉዳዩ ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማጥናት ይጀምራል። ጥቅምትን ጨርሶ ኅዳር ሲገባ ጉንጩ ይጎድልና «እህ፣ ምን ነበር ያልከኝ ልጄ?» ይባላል። ፋይሉ ሲወጣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ የቅቤ አሻራ አለበት። ኃላፊው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት፤ ፈረሙ። ከነቅቤው አሰላ፣ ዞን ደረሰ። እዚያም ተፈርሞበት ተመለሰ።

የአሰላ ውለታቸው ግን ከዚህም ይበልጣል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ልጅ ሳለ ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ደብተሩ ከቀረ በኋላም ሲሮጥ ክንዱ እንደታጠፈ ቀረ፤ ሟች አይተው እንዳላዩ አለፉት። ዛሬ ቢሆን አንዱ ቀርጾ ይለጥፍበትና ልጁ አፍሮ ክንዱን ይዘረጋ ነበር። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ያ ክንድ እንደታጠፈ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣ።

በ1963 እ.ኤ.አ. ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለ የማኅበረሰብ ተመራማሪ፣ ሰው በአደባባይ ሰውን እያየ እንዳላየ እንዴት እንደሚሆን የተነተነ መጽሐፍ አሳትሟል። አርቦዬ ቢመጣ ኖሮ ጥናቱን በአንድ የቡና ሰዓት ይጨርሰው ነበር።

ሟችን የጀመራቸው ሕመም ግምገማ ነው። «ሂስና ግለሂስ» እየተባለ የጓደኛን ጉድለት እጅ አውጥቶ መናገር የሥራ ትጋት ሆነ። ቀጥሎ ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ መጣ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ተደረደረ። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ግድግዳው ይሸፍነው የነበረውን ማንኮራፋት፣ የባልና ሚስት የስልክ ጭቅጭቅ፣ ጫማ አውልቆ መቀመጥ ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሟች ብቻቸውን ተሸከሙት። አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት ሲመጣ ደግሞ ወገባቸው ጎበጠ።

የገደላቸው ግን የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ለስብሰባ ጥሪ ተብሎ ተከፈተ። አንድ ከሰዓት የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ አፋቸው እንደተከፈተ፣ ከነማንኮራፋታቸው ተቀርጸው እዚያው ተለጠፉ። የሳቅ ምስል ተደረደረበት። ጋሼም ነቁና እንደማንኛውም ሰው ስልካቸውን ከፈቱ።

አቶ እንዳላየ ያን ዕለት አረፉ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። ሟች የጉቦ ፖስታ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍም ያንኑ የቀን መቁጠሪያ ያነቡ ነበር። የቅቤ አሻራንና ፖስታን ለይተው ማየት ነበረባቸው። አልለዩም፤ ግምገማን የጠሯት ራሳቸው ናቸው የሚሉ ሰዎችም ከእውነት አልራቁም።

ነፍስ ይማር። ነገ ለቅሶ ለመድረስ የምትመጡ ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ኑ። ጋሼ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጣሉ፤ ካንቀላፉም አደራ፣ ተዋቸው።